ክፍል 3 ላይ አልጋ ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ምን ልጻፍ?

ዘገምተኛው
ሰላም ለሁላችሁ። እስከዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ፣ መጻፌ የመጀመሪያዬ ነው። ቴሌግራም ላይ ለአዋቂዎች የሚሆን የፍቅር ታሪክ በክፍል በክፍል እለቅቃለሁ። ሙያዬ አይደለም፣ ማታ ማታ ነው የምጽፈው።

ሰዎቹ ሁለት ናቸው። እሷ 34 ዓመቷ ነው፣ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ጥልፍ ቤት አላት። እሱ 38 ነው፣ በግሉ የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን። ለወንድሙ ሰርግ እጀ ጠባብ ሊያሰፋ ይሄዳል፣ ይተያያሉ። ክፍል 2 ላይ ቡና ጠጡ። ክፍል 3 ላይ አልጋ ገቡ።

እስከ ክፍል 3 ላይኩ እየጨመረ መጣ። ከዚያ ቀጥ አለ። ክፍል 4ን ለቀቅኩ፣ ዝም። ክፍል 5 ላይ እንደገና አልጋ አስገባኋቸው፣ አሁንም ዝም። ክፍል 6 ላይ የቀድሞ ባሏን አመጣሁ። አንዱ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ጥድፊያው ነው የገደለኝ ወይስ ሰዎቹ? የቻለ ይንገረኝ፣ አልከፋም።

አወያይ
ርዕሱ ይቀጥል። ሁለት ነገር ብቻ፦ የአልጋውን ትዕይንት ራሱን እዚህ አትለጥፉ፣ ስለ አጻጻፉ አውሩ። የሚወራባቸው ገጸ ባሕርያትም በሙሉ አዋቂዎች ይሁኑ።

አቦል_ቶና
ወንድሜ፣ ቡና ሦስቴ ነው የሚፈላው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አንተ ቡናው ሳይቆላ በረካ ልትጠጣ ተነሳህ። በቃ ይኸው ነው ችግርህ።

ሚጥሚጣ
ደግሞ ቡና ተጀመረ! ስለ ምንም ነገር ይወራ፣ አንድ ሰው ጀበና ይዞ ከተፍ ይላል።

ዘገምተኛው፣ ቻናልህን ፈልጌ ክፍል 1ን አነበብኩት። ስለ እሷ የነገርከን ይሄን ነው፦ ጠይም፣ አንገቷ ብርሌ፣ ጥርሷ በረዶ፣ ወገቧ የንብ። ይሄ ሴት አይደለም፣ የሰርግ ዘፈን ነው። 34 ዓመት ኖራ ሱቅ የከፈተች ሰው ናት። ኪራዩን ከየት ነው የምትከፍለው? ጠላፊዎቿ ስንት ናቸው? ማታ ስትገባ ማን ይጠብቃታል? እጇ ላይ የመርፌ ጠባሳ የለም? አንዱን እንኳ አልነገርከንም።

ስለ እሱ ደግሞ ቁመቱን በሴንቲ ሜትር ጻፍክልን። 185። መታወቂያ ልታወጣለት ነው?

እኔም ስጀምር እንደዚሁ ነበር የምጽፈው። ያወጣኝ አንድ ጥያቄ ነው። እሷ ከእሱ ጋር ብትተኛ ምን ታጣለች? ባትተኛስ? ሁለቱንም መመለስ ካልቻልክ ክፍል 3ን መጻፍ አትችልም። ብትጽፈውም የሚተኙት ሁለት ቁመቶች ናቸው።

ቀጥታ_መስመር
እኔ አልስማማም። ሰው እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚከፍተው የሱቅ ኪራይ ሊያሰላ አይደለም። ሙቀት ፈልጎ ነው። ሦስት ክፍል ሙሉ ስለ ጥልፍ ካወራህ አንባቢህ ሌላ ቻናል ላይ ነው። አጭርና ቀጥ ያለ ነገር ምን ነውር አለው?

ሚጥሚጣ
አጭር ነውር የለበትም። የአንድ ሌሊት ታሪክ ጻፍ፣ በአንድ ገጽ ጨርሰው፣ እኔም አነበዋለሁ። እሱ ግን ክፍል 6 ላይ ነው ያለው። ክፍል 6 ላይ እንድመለስ ከፈለግክ የምመለስበት ሰው ስጠኝ።

ቀጥታ_መስመር
እሺ፣ እሱስ ልክ ነሽ።

ዘገምተኛው
ሚጥሚጣ፣ የቁመቱ ነገር አሳፈረኝ። ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ።

አንድ ሰበብ ግን ላቅርብ። ቴሌግራም አንድ መልእክት ላይ 4096 ፊደል ብቻ ነው የሚፈቅደው። ፎቶ ካያያዝክበት ደግሞ ለእንደኔ ዓይነቱ ነፃ ተጠቃሚ 1024 ብቻ። እኔ ሁሌም ከላይ ፎቶ አደርጋለሁ፣ ያለ ፎቶ ሰው አያይም ብዬ። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ከዚያ ማለፍ አይችልም።

ቀይ_እስክሪብቶ
ቆይ ቆይ። ችግርህን ራስህ ተናገርከው እኮ።

1024 ፊደል፣ ክፍት ቦታውና ነጥቡ ተቆጥሮ፣ በአማርኛ ወደ 180 ቃል ነው። ሦስት ክፍል ማለት 550 ቃል ገደማ። በ550 ቃል ተዋወቁ፣ ቡና ጠጡ፣ አልጋ ገቡ። የዕድር ማስታወቂያ እንኳ ከዚህ ይረዝማል። በዚያ ላይ እያንዳንዷ 180 ቃል መጨረሻዋ ላይ ልብ ሰቀላ ያስፈልጋታል፣ አለበለዚያ ሰው ቀጣዩን አይጠብቅም። ስለዚህ በየ180 ቃሉ አንድ ነገር ማፈንዳት ግድ ሆነብህ። የቀድሞ ባልዋም የመጣው ከዚያ ነው። ከታሪኩ አልመጣም፣ ከፎቶው ነው የመጣው።

ፎቶውን አውጣው። በአንድ ጊዜ አራት እጥፍ ቦታ ታገኛለህ። 4096 ፊደል ማለት ወደ 700 ቃል ነው፣ አንድ ሙሉ ትዕይንት ይይዛል።

ፎቶው ሌላም ጣጣ አለው። ያቺ የምትለጥፋት ልጅ ጠላፊህን አትመስልም፣ አንባቢ ግን የሚያስበው እሷን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የድርሰት መምህራን ጡዘት የሚሉት፣ ታሪኩ ጫፍ የሚደርስበት ቦታ አለ። ጀማሪዎች በእንዲህ ዓይነት ታሪክ ጡዘቱ አልጋው ይመስላቸዋል…

አቦል_ቶና
ጡዘት አልክ? 😂

ቀይ_እስክሪብቶ
አዎ ጡዘት፣ ሳቅህን ጨርስና ልቀጥል።

ጡዘቱ አልጋው አይደለም። ከዚያ በፊት ያለችው፣ አንደኛው ሰው ከእንግዲህ አልመለስም ብሎ የሚወስንባት ቅጽበት ናት። በር ላይ ልትሆን ትችላለች። ስልክ ላይ ልትሆን ትችላለች። አልጋው የውሳኔው ውጤት ነው። ውሳኔውን ዘለህ ውጤቱን ካሳየኸን ጥድፊያ ሆኖ ይሰማናል፣ ሃያ ገጽ ብትጽፍለትም። ውሳኔውን ካየነው ግን አልጋውን በሁለት መስመር ብታልፈው አንቀየምህም።

ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ በዛብህና ሰብለ ወንጌል እንዲያ የሚያስጨንቁን ለምንድን ነው? እሱን እናቱ የተሳለችው ስለት ይዞታል። እሷን የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት። ሁለቱም የሚያጡት ነገር አላቸው። እጅ ለእጅ ቢነካኩ ራሱ ወንጀል የሠሩ ያህል ልባችን ይመታል። በሌላ ጫፍ ደግሞ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር አለ። ሌቱም አይነጋልኝ ላይ ቃል አልፈራም፣ ጨርቅም አላለበሰውም። ግን መጽሐፉን ዘግተህ የምታስታውሰው የውቤ በረሃን ሰዎች ነው። አንዱ ዝግ፣ አንዱ ግልጽ። የሁለቱም ጉልበት ሰዎቹ ላይ ነው።

የሌሊት_አንባቢ
ጸሐፊ አይደለሁም፣ አንባቢ ነኝ። ዱባይ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራ የምጨርሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ከዚያ የስልኩን ብርሃን ቀንሼ አነባለሁ፣ ክፍሉን የምትጋራኝ ልጅ እንዳትነቃ።

አንድ ነገር ልንገራችሁና አትሳቁብኝ። አልጋውን እዘለዋለሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። እንደ ሆዱ አለ፣ እንደ ልቧ አለች፣ ሦስት ነጥብ፣ ነጋ። የማነበው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። አንድ ታሪክ ላይ ሰውየው ልጅቷ ከዝናብ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ አይቶ፣ ምንም ሳይናገር አንስቶ ምድጃው አጠገብ አደረገላት። ደራሲውን ረስቼዋለሁ፣ የልጅቷንም ስም ረስቼዋለሁ። ጫማው ግን እስካሁን አለ።

ሚጥሚጣ
የሌሊት አንባቢ፣ ማን ይስቅብሻል የኔ እህት። ይሄን ጫማ እኔ በጻፍኩት።

ዘገምተኛው፣ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ክፍል 3 ላይ የት ነው የተኙት?

ዘገምተኛው
እሱ ቤት። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ።

ሚጥሚጣ
ሱቋ ሽሮ ሜዳ ነው አላልክም? የከተማዋ ሁለት ጫፍ እኮ ነው! አንተ ግን «ሱቁን ዘጋች። በሩን ከፈተላት» ብለህ በሁለት ዓረፍተ ነገር አዲስ አበባን አሻገርካት።

እስቲ አስበው። ማታ ነው። የታክሲ ሰልፍ አለ። ሁለት ሦስት ታክሲ ይቀያየራሉ። እዚያ ሚኒባስ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ነው የሚቀመጡት፣ ወደዱም ጠሉም። ስለምን ያወራሉ? አጠገባቸው ሰው አለ። ወያላው እጁን ይዘረጋና «የሁለት ሰው ነው?» ይላል። ይሄኔ ማን ይመልሳል? እሷ ቀድማ «አዎ፣ የሁለት» ካለች በቃ፣ ቀይ እስክሪብቶ ያላት ቅጽበት እሷ ናት። ገንዘብ ከቦርሳዋ አውጥታ ስትሰጥ ወሰነች። አልጋው ከዚያ ወዲህ ዝርዝር ነው።

የሚገርመኝ እኛ አገር እንቅፋት መፍጠር አያስፈልገንም። አለ። አከራይ አለ፣ በ3 ሰዓት የሚዘጋ በር አለ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ የጎረቤት ሳል ያሰማል። ቤርጎ ብትሄድ እንግዳ ተቀባዩ መታወቂያ ይጠይቅና ቀና ብሎ ያይሃል። ሁለት አዋቂ ሰዎች ብቻቸውን የሚሆኑበት ቦታ ማግኘት ራሱ ግማሽ ልብ ወለድ ነው። የውጭ ተከታታይ ፊልም እያየን አስበን እንጽፋለንና ሁሉም ሰው ብቻውን ሰፊ አፓርታማ ውስጥ ይኖራል።

እና ዋናው፣ ይሄን ሳልናገር አልወጣም። ክፍል 3 ላይ «እምቢ እምቢ እያለች እሺ አለች» ብለሃል። ይሄን ሰርዘው። ዓይናፋርነት ለማሳየት እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ያነበብኩት የምትፈልገውን የማታውቅ ሴትና የሰማውን የማይሰማ ወንድ ነው። ሁለቱንም ገጸ ባሕርያት በአንድ መስመር ገደልካቸው። እምቢ ካለች እምቢ ናት። ታሪኩ ያኔ ሌላ ነው። ከፈለገች ደግሞ ፈልጋ እንያት። ፈልጋ የምትመጣ ሴት መጻፍ ይከብዳል፣ አውቃለሁ፣ ግን እሱ ነው የሚነበበው።

ዘገምተኛው
ሰርዤዋለሁ። ስጽፈው ሁሉም እንዲያ ስለሚጽፍ ነበር። ሰበብ አይሆንም።

ዲሲ_ዳር
ከአሜሪካ ነኝ። የፈረንጆቹን አማተሮች ለረጅም ጊዜ አንብቤያለሁ። ሊትሮቲካ የሚባል የአዋቂዎች ታሪክ ገጽ አላቸው፣ በፈረንጆች ከ1998 ጀምሮ ያለ፣ አንባቢ ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል። እዚያም ጭቅጭቁ ይኸው ነው፣ አንዱ ቶሎ በል ይላል፣ ሌላው ምነው ተቻኮልክ። ሰው የሚወዳቸውን የሌላ ደራሲ ገጸ ባሕርያት ይዞ በሚጽፍባቸው የደጋፊዎች ድርሰት ገጾች ላይ ደግሞ «ስሎው በርን» የሚል መለያ አለ፣ ቀስ ብሎ የሚነድ እንደማለት። አንባቢው እያወቀ ገብቶ መቶ ሺህ ቃል ይታገሣል። የመጀመሪያው መሳም መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል የሚመጣበት አለ። ስለዚህ ቀጥታ መስመር እንደሚለው ሰው ሁሉ ቸኩሎ አይደለም። ከፊትህ ንገረው፣ «ይሄ ታሪክ ቀስ ብሎ ነው የሚሄድ» በለው። የማይፈልግ ይሄዳል።

አቦል_ቶና
ቀስ ብሎ የሚነድ? እኛ እኮ ፍም እንለዋለን። ጀበናው ሥር ያለውን። (ይቅርታ ሚጥሚጣ።)

ቀይ_እስክሪብቶ
ከፈረንጅ መማሩ ጥሩ ነው፣ ዓረፍተ ነገራቸውን አምጥቶ መትከሉ ግን አይበጅም። ዘገምተኛው ክፍል 5 ላይ «እሷ እጇን በእሱ ትከሻ ላይ አደረገች፣ እሱም እሷን ሳማት» ብሏል። እሷ፣ እሱ፣ እሱም፣ እሷን። ምን አስፈለገው? «ሳማት» ስትል ማን ማንን እንደሳመ በሦስት ፊደል አለቀ። ይሄን ያህል ፍጥነት የሚሰጥ ቋንቋ ይዘን በተውላጠ ስም እናነክሳለን።

ማዘግየትም የሚችል ቋንቋ ነው ደግሞ። ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ፣ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አንባቢን እንደፈለግክ ታንጠለጥለዋለህ። ለምሳሌ፦ «ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ፣ ከኋላው ዞራ፣ ትከሻው ላይ አሳርፋ፣ ትንሽ ቆይታ፣ ጻፈች።» አንባቢ ሌላ ነገር ጠብቆ ነበር። እሷ 46 ብላ ጻፈች። ሳቅ አለበት፣ ሙቀትም አለበት። መፍጠን ስትፈልግ ቆርጠው፦ «ሳመችው። አልተንቀሳቀሰም። ደግማ ሳመችው።» ፍጥነት የምንለው ነገር ግማሹ እዚህ ነው፣ ስንት ክፍል ስለመሆኑ አይደለም።

ሌላው «እርስዎ» ነው። ደንበኛና ባለሱቅ ናቸው፣ መጀመሪያ ቀን ምን ትለዋለች?

ዘገምተኛው
አንተ… ከመጀመሪያው መስመር።

ቀይ_እስክሪብቶ
አየህ? የማናውቀውን 38 ዓመት ሰው ሱቅ ውስጥ እርስዎ ነው የምንለው፣ እሱም እሷን እንደዚያው። ከእርስዎ ወደ አንተ የምትሻገርበት ዕለት ትልቅ ክስተት ነው። እንግሊዝኛ ይሄን አያገኘውም። እኛ በነፃ አግኝተን እንጥለዋለን። አንድ ክፍል ሙሉ በዚህ ላይ ብቻ መጻፍ ይቻላል። ተሳስታ «አንተ» ትላለች፣ ትደነግጣለች፣ ወደ እርስዎ ትመለሳለች። እሱ ግን ሰምቷል።

ቀጥታ_መስመር
ይሄን ወደድኩት። ግን አልጋው ሲደርስስ? እኔ ብዙ ጊዜ የምጥለው ቃሉ ሲያስቀኝ ነው። «ግብረ ሥጋ ግንኙነት ፈጸሙ» የሚል አንብቤ ስልኬን አስቀመጥኩት።

ሚጥሚጣ
😂 የጤና ጣቢያ ፖስተር። አለን የምንለው ቃል ሦስት ዓይነት ነው፦ የጤና ጣቢያው፣ «ሩካቤ» የሚለው የካህናቱ፣ ከዚያ የሰፈር ጎረምሳ ስድብ። መሀል ላይ ሁለት ሰዎች ተዋደው የሚጠቀሙበት ቃል የለም። ወይም አለ፣ ግን እያንዳንዱ ጥንድ የራሱ አለው እንጂ አይጻፍም።

እኔ ያደረግኩት እሱን ነው። ለሁለቱ ብቻ የሆነ ቃል ቀደም ብዬ እተክላለሁ፣ ቀልድ አድርጌ። ለጠላፊህ ለምሳሌ «ልለካህ?» ሊሆን ይችላል። ክፍል 1 ላይ ሥራ ነው። ክፍል 4 ላይ ቀልድ ነው። ክፍል 8 ላይ በጨለማ «ልለካህ?» ስትለው ሌላ ምንም መጻፍ አያስፈልግህም። ሰምና ወርቅ እያለን የሰውነት ክፍል መዘርዘር ምን አደከመን?

ዘገምተኛው
ሁለት ቀን ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ክፍል 2ን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ፎቶም የለውም። መጀመሪያውን ብቻ ልለጥፍ፦

«እጅዎን ዘርጋ ያድርጉ» አለችው።
ዘረጋ። ቀኝ እጁ ላይ፣ ከአውራ ጣቱ በታች፣ የተቃጠለ ቦታ ነበር። የቆየ ጠባሳ ነው። ሜትሩን ከትከሻው አስነስታ፣ በክርኑ አሳልፋ፣ አንጓው ላይ አቁማ፣ ጠባሳውን እንዳትነካ ጣቷን ሰብሰብ አደረገች።
«አያምም» አለ።
«እኔ ምን አልኩ?»
«አላሉም። ጣትዎ ግን አለ።»
ደብተሩ ላይ 62 ብላ ጻፈች። ከዚያ ሰረዘችው። 26 ዓመቷ ጀምራ ሸማ ትለካለች፣ አንድም ቀን ቁጥር ሰርዛ አታውቅም።
«ይድገሙኝ?» አለ።
ጠላፊዋ ልጅ ከማዶ መርፌዋን አቁማ ታያለች።
«አይ፣ ሄደህ ና» አለች። ሄደህ። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። «ማለቴ… ሐሙስ ይምጡ።»

ቀይ_እስክሪብቶ
«26 ዓመቷ ጀምራ» ሳይሆን «ከ26 ዓመቷ ጀምራ» በል። ሌላ የማነሳው የለኝም።

ሚጥሚጣ
ጠላፊዋ ልጅ ማየቷ ጥሩ ነው። ነገ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ እሷም ይሄን ታውቃለች። የምታጣውን ነገር ሳትናገር ጻፍከው። የቀድሞ ባልየውን ምን አደረግከው?

ዘገምተኛው
አሰናበትኩት። ወያላውን ቀጠርኩ።

ቀጥታ_መስመር
እሺ ተሸነፍኩ። አልጋው ግን ስንተኛው ክፍል ላይ ነው?

ዘገምተኛው
አላውቅም። ገና ሐሙስ አልደረሰም።

የሌሊት_አንባቢ
አሁን ነው ያነበብኩት፣ ከሥራ ገብቼ። ጠባሳው ከምን ነው? ኤሌክትሪክ ነው? እና የወንድሙ ሰርግ መቼ ነው፣ እሷን ይጠራታል?